የቻታም አደባባይ ባቡር ጣቢያ፦ ቀድሞ የፈረሰ፣ ምትኩ ያልተሠራ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ደሴት ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የቻታም አደባባይ ለ77 ዓመታት ያህል ሰማዩ የተሸፈነ ስፍራ ነበር። ከ1878 እስከ 1955 ድረስ ከአደባባዩ በላይ በብረት ዓምዶች የተደገፈ የባቡር ጣቢያ ቆሞ ነበር። ዛሬ በስፍራው የሚታየው የመኪና መንገድ፣ ጠባብ የእግረኛ መቆሚያ፣ አንድ የመታሰቢያ ቅስትና አንድ ሐውልት ነው። ከአራት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች በአንድ ወቅት እዚህ ይገናኙ እንደነበር የማያውቅ ሰው፣ ስፍራውን አይቶ ይህንን ሊገምት አይችልም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የጣቢያውን ታሪክ ከአመሠራረቱ እስከ መፍረሱ ማቅረብና በዚያው አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፦ ጣቢያው በመፍረሱ ማን ምን አገኘ፣ ማንስ ምን አጣ? ጣቢያው ጨለማ፣ ጫጫታና ጥላሸት ያመጣ እንደነበር የሚክድ የለም፤ እንዲፈርስ የቀረቡት ምክንያቶችም በአመዛኙ እውነትነት ነበራቸው። ሆኖም ከተማዋ አሮጌውን ስታፈርስ በምትኩ አዲስ እሠራለሁ ብላ ነበር። አዲሱ መስመር ወደ ቻታም አደባባይ እስከ ዛሬ አልደረሰም። የጽሑፉ ክርክር የሚያርፈው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስፍራውና ስሙ

አደባባዩ ስሙን ያገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበረው፣ የቻታም ኧርል የሚል ማዕረግ ከተሰጠው ከዊልያም ፒት ነው። አደባባይ ይባል እንጂ እንደ መስቀል አደባባይ ያለ ሰፊ ሜዳ አይደለም፤ የብዙ ጎዳናዎች መጋጠሚያ ነው። ከሰሜን ባወሪ የተባለው ሰፊ ጎዳና ይገባበታል። ከምሥራቅ ዲቪዥን እና ኢስት ብሮድዌይ፣ ከምዕራብ ደግሞ ሞትና ዶየርስ የተባሉት የቻይናውያን ሰፈር ጠባብ መንገዶች ይደርሱታል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ፓርክ ሮው ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ይወስዳል። በቀጥታ ወደ ደቡብ ደግሞ በዚያን ዘመን ኒው ባወሪ፣ ዛሬ ሴንት ጄምስ ፕሌስ የሚባለው መንገድ ወደ ደሴቲቱ ጫፍ ያቀናል። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ዳር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ የአይሁድ መካነ መቃብር አለ፤ ባቡሩ ለሰባት ዐሥርት ዓመታት በአጠገቡ ሲመላለስ ኖሯል።

የባቡር መሐንዲስ ይህንን ካርታ ቢመለከት የሚያየው ነገር ግልጽ ነው። ማንሃታን ረጅምና ቀጭን ደሴት ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው በደቡቡ ጫፍ ተከማችቶ ሳለ መኖሪያው ወደ ሰሜን እየሸሸ ነበር። በምሥራቁ ወገን የሚኖረው ሕዝብ ጠዋት ወደ ሥራው ሲወርድ መንገዱ በቻታም አደባባይ አካባቢ ይጠብና እንደገና ይከፈላል፤ ገሚሱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ገሚሱ ወደ ወደቡ። ስለዚህ ጣቢያው ባይሠራ እንኳ መጋጠሚያው ቀድሞ ነበረ ማለት ይቻላል።

ብረቱ እንዴት ቆመ

በ1870ዎቹ የኒው ዮርክ ጎዳናዎች በፈረስ በሚጎተቱ የሕዝብ ሠረገሎችና በጭነት ጋሪዎች ተጨናንቀው ነበር። ከመሬት በታች መቆፈር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ የዘመኑ ባቡር በእንፋሎት የሚሠራ በመሆኑ ጭሱን በዋሻ ውስጥ ማስወጣት ከባድ ችግር ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ባቡሩን ከጎዳናው በላይ ማስኬድ ነበር። የከተማው ሕዝብ ይህንን ዓይነቱን ባቡር ባጭሩ «ኤል» ይለው ነበር፤ ከፍ ያለ ለማለት የሚጠቀሙበት የእንግሊዝኛ ቃል ምጻር ነው።

የአዲስ አበባ አንባቢ በስታዲየምና በለገሀር በኩል በድልድይ ላይ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር ቢያስብ ቅርጹን በግምት ይረዳዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኛው ድልድይ የኮንክሪት ሲሆን ወለሉ ድፍን ነው። የኒው ዮርኩ ክፍት የብረት ማዕቀፍ ነበር፤ ሐዲዱ በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ይቀመጣል፣ በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ታች ያሳያል። በክፍተቱ ብርሃን ተቆራርጦ ይወርዳል። የሚወርደው ግን ብርሃን ብቻ አልነበረም፤ በእንፋሎቱ ዘመን ፍም፣ አመድ፣ ዘይትና ትኩስ ውኃ በእግረኛውና በፈረሱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

የሦስተኛው አቬኑ መስመር ነሐሴ 26 ቀን 1878 ሲከፈት የቻታም አደባባይ ጣቢያም አብሮ ተከፈተ። መስመሩ ከደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሳውዝ ፌሪ ተነሥቶ በአደባባዩና በባወሪ አድርጎ ወደ ሰሜን ይዘልቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስደው አጭር ቅርንጫፍ በፓርክ ሮው ላይ ተጨመረ። በመጋቢት 1880 ደግሞ የሁለተኛው አቬኑ መስመር በአለን እና በዲቪዥን ጎዳናዎች በኩል መጥቶ ከጣቢያው ጋር ተጋጠመ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ጣቢያው አራት ክንድ ያለው ሆነ፦ ሁለቱ ወደ ሰሜን፣ ሁለቱ ወደ ደቡብ። ተሳፋሪው በደረጃ ወጥቶ ትኬት ይገዛና መግቢያው ላይ በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደየትኛው ክንድ እንደሚሄድ መምረጥ የራሱ ጉዳይ ነበር። ዋጋው መጀመሪያ ዐሥር ሳንቲም ሲሆን ሠራተኛው በሚበዛባቸው ሰዓቶች አምስት ይሆን ነበር፤ ከ1880ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቀኑን ሙሉ አምስት ሳንቲም ሆነና ለስልሳ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ኖረ። እስከ 1948 ድረስ ማለት ነው። ዋጋው ዝቅ ብሎ መቆየቱ ለተሳፋሪው በረከት፣ ለባቡር ድርጅቶቹ ግን የኋላ ኋላ መታነቂያ እንደሆነባቸው በዚሁ ማውሳት ይገባል።

የመስመሩን ባለቤትነት በተመለከተ ብዙ መዘርዘር አያስፈልግም። ሁለቱም መስመሮች ብዙ ሳይቆዩ በማንሃታን ባቡር ኩባንያ ሥር ገቡ፤ በ1902 እና በ1903 የእንፋሎቱ ባቡር በኤሌክትሪክ ተተካ፤ በዚያው በ1903 ኢንተርቦሮ የተባለው ኩባንያ ሁሉንም በኪራይ ወሰደ። የኪራዩ ውል ዘመን 999 ዓመት ነበር። ውሉን የፈረሙት ሰዎች ብረቱ ለዘላለም የሚቆም መስሏቸው እንደሆነ፣ ወይስ ይህ የጠበቆች ልማድ ብቻ እንደሆነ ለአንባቢ ግምት እንተወው፤ ጣቢያው ከዚያ በኋላ የቆየው 52 ዓመት ነው።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ለውጥ በ1913 ከተማዋ ከባቡር ኩባንያዎቹ ጋር ካደረገችው ውል የመነጨ ነው። በዚህ መሠረት በ1916 አካባቢ በሦስተኛው አቬኑ መስመር ላይ ለፈጣን ባቡር የሚሆን ሦስተኛ ሐዲድ ተጨመረ፤ የቻታም አደባባይ ጣቢያም ባለ ሁለት ደረጃ ሆኖ እንደገና ተሠራ። ምክንያቱ ለመረዳት ቀላል ነው። አራት ክንድ ባለው ጣቢያ ባቡሮቹ በአንድ ደረጃ ላይ ከተቋረጡ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው መቆም አለበት፤ በአንዱ ክንድ የተፈጠረ መዘግየት ሁሉንም ያስቆማል። አንዱን ሐዲድ ከሌላው በላይ ማሳለፍ ይህንን ችግር ያስወግዳል። ነገር ግን የብረቱ ክምር ከፍ አለ፣ ሰፋ፤ ከታች ያለው ጨለማም እንደዚያው። ለተሳፋሪው የተሻለው ነገር ለጎረቤቱ የከፋ ሆነ። የጣቢያው ታሪክ በሙሉ በዚህ ተቃርኖ ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብርሃን ዋጋ

ባቡሩ በመስኮታቸው ትይዩ ያለፈባቸው ሰዎች ዝም አላሉም። በተለይ በባወሪ ላይ ሐዲዶቹ መጀመሪያ ሲሠሩ በጎዳናው መካከል ሳይሆን በግራና በቀኝ፣ ከእግረኛው መንገድ በላይ ተዘርግተው ስለነበር ባቡሩ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት በጥቂት ርቀት ያልፍ ነበር። የሁለተኛው አቬኑ ባቡር የሚያልፍበት አለን ጎዳና ደግሞ በጣም ጠባብ ስለነበር ብረቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጎዳናው እስኪሰፋ ድረስ በከተማው ውስጥ ከታወቁት ጨለማ ጎዳናዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራው በሌላ ጎዳና ነው። በደሴቲቱ ደቡብ በፍሮንት ጎዳና ላይ ሕንፃ የነበረው ሩፈስ ስቶሪ የሦስተኛውን አቬኑ መስመር የሠራውን ኩባንያ ከሰሰ። ክርክሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከተማዋ መሬቱን ስትሸጥ ጎዳናው ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ቃል ገብታለች፤ ስለዚህ ከጎዳናው የማገኘው ብርሃን፣ አየርና መግቢያ የንብረቴ አካል ነው፤ ካሣ ሳይከፈለኝ ሊወሰድብኝ አይችልም። የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1882 ለስቶሪ ፈረደ። በ1887 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ ይኸው መብት ስፋት ባለው መልኩ ለሌሎች የጎዳና ዳር ባለንብረቶችም ታወቀላቸው። በእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ የአንድ ሰው መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም የሚሰጥበት «የንብረት አገልግሎት» የሚባል መብት ስላለ የሕግ ተማሪ የሆነ አንባቢ ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። በውሳኔዎቹ የተነሣ ባለንብረቶች በብዛት ክስ መሠረቱ፤ ኩባንያዎቹም ለብርሃን ካሣ ሲከፍሉ ኖሩ።

በዚህ ፍርድ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ብርሃን በገንዘብ የሚተመን ንብረት ሆኖ መቆጠሩ ለዘመኑ ደፋር እርምጃ ነበር፤ ፍትሐዊም ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚያውቀው ባለንብረቱን ብቻ ነው። በዚያው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሰው፣ ጨለማውን ዕለት ተዕለት የሚቀበለው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ካሣው ለአከራዩ ነበር። በየቀኑ በባቡሩ የሚመላለሰው ተሳፋሪም በሕጉ ፊት በመስመሩ ላይ ምንም መብት አልነበረውም። መስመሩ ሲሠራ ብርሃኑን ያጣ ባለንብረት ሊከስ ይችላል፤ መስመሩ ሲፈርስ መንገዱን ያጣ ተሳፋሪ ግን የሚከስበት ሕግ የለም። በ1882 የተሰመረው ይህ ልዩነት በ1955 ለሆነው ነገር መሠረቱን እንደጣለ ጸሐፊው ያምናል።

ጣቢያው በዚህ መካከል የሥነ ጥበብ ርእሰ ጉዳይም ሆኗል። ፎቶግራፍ አንሺዋ በረኒስ አቦት በ1936 በባወሪና በዲቪዥን ጎዳናዎች መገናኛ፣ ማለትም በአደባባዩ ጥግ ላይ፣ ከብረቱ ሥር ሆና ያነሣችው ፎቶግራፍ ታዋቂ ነው። የሐዲዱ አግዳሚዎች ጥላ መሬቱ ላይ መሰላል መስሎ ተጋድሟል። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ጨለማው የሚያምር ሊመስለው ይችላል፤ ከዚያው ሥር ሱቅ ከፍቶ የሚውል ነጋዴ ግን በዚህ ይስማማ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ክንዶቹ አንድ በአንድ ሲቆረጡ

የምድር ውስጥ ባቡር በ1904 ሥራ ከጀመረ በኋላ «ኤል» የጥንት ነገር ተደርጎ መታየት ጀመረ። ከተማዋ በ1929 ባወጣችው ሰፊ ዕቅድ ውስጥ በሁለተኛው አቬኑ ሥር የሚያልፍ አዲስ የምድር ውስጥ መስመር ተካተተ። ሐሳቡ የሚያጓጓ ነበር፤ አንድ አዲስ መስመር በምሥራቁ ወገን ያሉትን ሁለቱን «ኤሎች» ይተካል፣ ጎዳናውም ብርሃኑን ያገኛል። ችግሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ዕቅዱ ተላለፈ፤ ማፍረሱ ግን አልተላለፈም።

በከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ዘመን የስድስተኛው አቬኑ መስመር በ1938 ተዘጋ፤ የዘጠነኛው አቬኑ መስመር በ1940 ተከተለ። ልብ ሊባል የሚገባው በምዕራቡ ወገን ለእነዚህ መስመሮች ምትክ የሚሆኑ የምድር ውስጥ ባቡሮች ተሠርተው ነበር፣ ወይም ሊጠናቀቁ ተቃርበው ነበር። በምሥራቁ ወገን እንዲህ አልነበረም። የሁለተኛው አቬኑ መስመር ሰሜናዊ ክፍል በ1940፣ ወደ ቻታም አደባባይ የሚመጣው ቀሪው ክፍል በሰኔ 1942 ተዘጋ፤ ወቅቱ የጦርነት ነበርና ብረቱ ተቆራርጦ ለጦር መሣሪያ ሥራ ዋለ። ምትኩ ገና በወረቀት ላይ ነበር።

የመጋጠሚያ ጣቢያ ጥቅም እንደ ተራ ፌርማታ አይቆጠርም። በተራ ፌርማታ አጠገብ ያለ መስመር ቢዘጋ ፌርማታው እንዳለ ይቆያል። የመጋጠሚያ ጣቢያ ግን ዋጋው በክንዶቹ ብዛት ነው። ሁለት የሰሜንና ሁለት የደቡብ ክንድ ሲኖሩት አራት ዓይነት ጉዞ ይሰጣል። በ1942 አንዱ የሰሜን ክንድ ሲቆረጥ ጉዞዎቹ ወደ ሁለት ወረዱ። በታኅሣሥ 1950 ወደ ሳውዝ ፌሪ የሚወርደው ክንድ ተዘጋ፤ አንድ ቀረ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1953 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስደው አጭር ቅርንጫፍ ሲዘጋ በቻታም አደባባይ በኩል ወዲያ ማዶ ማለፍ ጭራሽ ቀረ። ባለ ሁለት ደረጃው መጋጠሚያ ላለፈው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት የመስመሩ መጨረሻ ሆኖ አገለገለ። ከሰሜን የመጣ ተሳፋሪ እዚያው ወርዶ የቀረውን በእግሩ መጨረስ ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የማታና የእሑድ አገልግሎትም ተቋርጦ ነበር። ከዚያም ተሳፋሪ ቀነሰ ተባለ። ተሳፋሪ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚደርስበት ቦታ በየዓመቱ እየተቆረጠ፣ የሚሠራበት ሰዓት እየተቀነሰ ያለ መስመር ተሳፋሪ ቢያጣ የሚገርም ነገር የለውም። ውጤቱን እንደ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ በእንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው፤ በጥንቃቄ ካልተነበበ የታሪክ ጸሐፊውንም ያሳስታል።

ሕዝቡ ምትኩን አልፈለገም እንዳይባል፣ በ1951 የግዛቲቱ መራጮች ለከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር የሚውል 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር በቦንድ እንዲወሰድ ድምፅ ሰጥተዋል። ዋናው ዓላማ ሆኖ የቀረበላቸው የሁለተኛው አቬኑ መስመር ነበር። ገንዘቡ ግን ባብዛኛው የዋለው ያረጀውን የነባሩን መስመር ለማደስ ነው። እድሳቱ አስፈላጊ እንደነበር አይካድም። ሆኖም የምትኩ ገንዘብ ከወጣ በኋላ እንኳ ማፍረሱ በያዘው መርሐ ግብር ቀጠለ። ግንቦት 12 ቀን 1955 አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ባቡር ከቻታም አደባባይ ወደ ሰሜን ተጓዘ። የማፍረሱ ሥራ በዚያው በጋ ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተጠናቀቀ። ካርሰን ዴቪድሰን የተባለ ፊልም ሠሪ ከመፍረሱ በፊት ስለዚህ ባቡር የሠራው አጭር ፊልም ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር፤ የቀረው ምስሉ ነው።

ከ1955 በኋላ

ብርሃኑ ተመለሰ። በማንሃታን መካከለኛ ክፍል በሦስተኛው አቬኑ ግራና ቀኝ አሮጌ ዝቅተኛ ቤቶች እየፈረሱ የቢሮ ሰማይ ጠቀሶችና ውድ መኖሪያዎች ተተከሉ፤ የመሬቱ ዋጋ ናረ። ይህ የጥቅም ድርሻ በዋነኛነት የመሬት ባለቤቶች ነበር። ሥራውን ያጣው መስመር ተሳፋሪዎች በአውቶቡስ ወይም በሌክሲንግተን አቬኑ ሥር በሚያልፈው የምድር ውስጥ ባቡር እንዲጠቀሙ ተደረገ። በምሥራቁ ወገን ከሦስት ሁለቱ መስመሮች ሲጠፉ የቀረው ያ አንዱ ነውና፣ ሌክሲንግተን ለረጅም ዘመን ከአሜሪካ የምድር ውስጥ መስመሮች ሁሉ እጅግ የተጨናነቀው ሆኖ መቆየቱ የዚያው ውሳኔ ውጤት ነው።

በቻታም አደባባይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በሰፈሩ የሚኖሩት ቻይናውያን ለረጅም ዘመን ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞችን ወደ አሜሪካ መግባት ከልክሎ ነበር፤ የተሻረውም በ1943 ነው። በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ ሲለወጥ ብዙ ቤተሰቦች መጡ፣ ሰፈሩም ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ተስፋፋ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቻታም ታወርስ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 44 ፎቅና ከ700 በላይ መኖሪያ ያለው የኮንፊሺየስ ፕላዛ ሕንፃ በአደባባዩ አካባቢ ተሠሩ። ማለትም ሕዝቡ የበዛው ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። በ1955 ጣቢያውን ለመዝጋት የተደረገው የተሳፋሪ ቆጠራ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን ነዋሪ ሊቆጥረው አይችልም ነበር።

አደባባዩ በዚህ ጊዜ የሰፈሩ የመታሰቢያ ስፍራ ሆነ። በ1962 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሞተው አብራሪ በቤንጃሚን ራልፍ ኪምላው ስም፣ ለወደቁት ቻይናውያን አሜሪካውያን ወታደሮች መታሰቢያ የሚሆን ቅስት ቆመ። በ1997 ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፒየምን ንግድ የታገለው የቻይና ባለሥልጣን የሊን ዘሹ ሐውልት ተተከለ። ቅስቱ የቆመው ጣቢያው በፈረሰ በሰባተኛው ዓመት ነው፤ ብረቱ እንዳለ ቢሆን ኖሮ እዚያ ሊቆም እንደማይችል አይካድም። ከመፍረሱ የተገኘውን በጎ ነገር ስንቆጥር ይህንን መርሳት አይገባም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የፓርክ ሮው ጉዳይ ነው። ከአደባባዩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስደው የባቡር ቅርንጫፍ በ1953 እንደተዘጋ ከላይ ተጠቅሷል። ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ፣ የከተማው ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት በአጠገቡ ስላለ ለጥበቃ ሲባል ከባቡሩ ሥር የነበረው ጎዳናም ለግል መኪኖች ተዘጋ። የሰፈሩ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ለዓመታት ቅሬታ አሰምተዋል። ከአራቱ ክንዶች አጭሩ የነበረው ይህ መንገድ፣ በመጀመሪያ ከላይ በኋላም ከታች መቋረጡ ሰፈሩን ከከተማው አስተዳደር መቀመጫ የሚለየውን ርቀት በካርታ ከሚታየው በላይ አራዝሞታል።

ስለ ምትኩ መስመር የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ሥራው በ1972 በሰሜን ተጀመረ፤ በ1973 በቻይናውያን ሰፈር ውስጥ በማንሃታን ድልድይ ግርጌ፣ ከቻታም አደባባይ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ፣ አጭር ዋሻ ተቆፈረ። በ1975 ከተማዋ ለመክሰር ስትቃረብ ሁሉም ቆመ። በብሮንክስ በኩል የቀረው የሦስተኛው አቬኑ «ኤል» ክፍል በዚህ መካከል በ1973 ተዘግቶ በአውቶቡስ ተተካ፤ እዚያም አዲስ ባቡር ይመጣል ተብሎ ነበር። የማንሃታኑ ሥራ እንደገና ተጀምሮ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት የመጀመሪያው ክፍል ሥራ የጀመረው ጥር 1 ቀን 2017 ነው። አዲስ የተሠሩት ጣቢያዎች ሦስት ሲሆኑ የሚገኙት በ72ኛው፣ በ86ኛውና በ96ኛው ጎዳናዎች ነው፤ ከደሴቲቱ ሀብታም ሰፈሮች አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለተኛው ክፍል ወደ ሰሜን፣ ወደ 125ኛው ጎዳና የሚሄድ ነው።

በዕቅዱ መሠረት መስመሩ በአራት ክፍል የሚሠራ ሲሆን ወደ ደሴቲቱ ደቡብ የሚወርደው አራተኛው ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ አንዱ ቻታም አደባባይ ይባላል። ገንዘብ አልተመደበለትም፤ የሚጀመርበት ቀንም አልተቆረጠም። በ1970ዎቹ የተቆፈረው አጭር ዋሻ ከመሬት በታች ተዘግቶ ይገኛል። የአደባባዩ ነዋሪ ዛሬ ወደ ቅርቡ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ለመድረስ በየትኛውም አቅጣጫ ዐሥር ደቂቃ ያህል በእግሩ ይሄዳል።